ነጋሪው ማን ነው?

አሳምነው የደወለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቸሩ ከኤርፖርት ሺፍቱ ገብቶ ጫማውን ሲፈታ ነበር። እጁ ስላልተመቸው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በዚህ ምክንያት ሚስቱ ጽጌሬዳም ሰማች። ባትሰማ ይሻላት ነበር።

«እንግዲህ ልጅህ ጥቁር አሜሪካዊ ካላገባሁ ካለች ምን ይደረጋል» አለ አሳምነው ከሚኖርበት ከፕሊማውዝ ከተማ። የቸሩ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ቤት የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። «ወጉ ግን ይጠበቅ። ሽማግሌ ይላኩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደግሞ ሰባት ቤት ይቆጥሩ።»

«ጋሼ፣ እኛና እነሱ እኮ ዝምድና የለንም።»

«ዝምድና ማን አወራ? አጥንት ነው የምልህ! አየህ፣ ሰባት ቤት ከየት ያመጣሉ? ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ይነጥፍባቸዋል። እኛ አልከለከልንም፤ ቆጠራው ከለከለ። ልጅቷም አትቀየምህ፣ ልጁም አይቀየምህ። የባሪያ ዘር ቤቴ አይገባም ብለህ አፍህን ሳታበላሽ ነገሩ በራሱ ጊዜ ያልቃል።»

ቸሩ የግራ ጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። «እሺ ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

ጽጌሬዳ አንዷን ሰሃን ሦስት ጊዜ አጠበቻት።

ሰባት ቤት በአንድ ወገን ብቻ አይቆጠርም። ጠያቂም ይጠየቃል፤ ወጉ ይኸው ነው። የቸሩ ወገን ይቆጠራል፤ እሱስ ይቆጠር፣ አሳምነው እስከ ዘጠነኛው በቃሉ ይወርደዋል። ከዚያ የእሷ ወገን ይመጣል። በአባቷ በኩል ችግር የለም። በእናቷ በኩል ግን አንድ ይባላል፣ ሁለት ይባላል፣ ሦስተኛዋ ላይ ይደረሳል።

ሦስተኛዋ ትርንጎ ነበረች።

ጽጌሬዳ ስለ ትርንጎ የሰማችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከደብረ ዘይት ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ዱከምን እንዳለፉ እናቷ ወይዘሮ ቀለሟ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ፣ «የእናቴን እናት ገዝተው ነው ያመጧት። ስሟ ትርንጎ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ። እንዳትረሺም» አሏት። ቃሊቲ እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከቃሊቲ ወዲህም፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ አልወጣቸውም።

ቸሩ ሽማግሌ የላከ ጊዜ አሳምነው ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ነበር። ለጽጌሬዳ ወገን የቆጠረላት አጎቷ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ አጎቷ ዓይኑን ሳያሽ «ወይዘሮ አስካለ፣ የቡልጋዋ» አለ። ከባዶ አልፈጠረም፤ አስካለ የምትባል ሴት በእርግጥ ነበረች። ትርንጎን የገዛችው እሷ ናት። አጎቷ ገዢዋን በተገዛችው ቦታ አስቀምጦ ቤቱን አሟላው፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጽጌሬዳም ተዳረች። ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

ቸሩ መጥፎ ባል አይደለም። ይህን ለማንም ትመሰክራለች። ነገር ግን «እሺ ጋሼ» ማለት ይቀናዋል፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ተነስቶ ስንት ጊዜ በሳቅ እንደታለፈ ደግሞ እሷ ብቻ ነች የምታውቀው። ሲሰማ የሚያመው ሰው ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ዓርብ፣ በርንስቪል ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ በምሳ ሰዓቷ ለልጇ ለፋና ደወለች።

«ይቅርባችሁ» አለቻት። «ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ፈርሙና ተጋቡ።»

«ማሚ፣ ደህና ነሽ?» ፋና መኪና ውስጥ ነበረች። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ወግ፣ ወግ፣ ወግ ስትሉኝ ኖራችሁ አሁን ፈርሙ?»

«ሰባት ቤት ይቆጥሩ ብሏል አጎትሽ።»

«አውቃለሁ። ዳዲ ነግሮኛል። ለካልቪን አክስት ነገርኳት። ሚስ ቨርናን ታውቂያታለሽ አይደል፣ ላይብረሪያን የነበረችው? እኔ እኮ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹እስከ ዛሬ እንደዚህ ያለ ጨዋ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም› አለች። ሠላሳ ዓመት የዘሮቿን ስም ስትሰበስብ ኖራለች ማሚ። የሚያዳምጣት ነው ያጣችው።»

ጽጌሬዳ ሳንድዊቿን መልሳ ጠቀለለችው። ችግሩ አሳምነው እንዳሰበው አልነበረም። እነዚህ ሰዎች መቁጠር ይችላሉ፤ የሚቆጥሩት ደግሞ ጠንቅቀው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ባለበት አፕል ቫሊ ላይ የመጋቢት በረዶ ወረደ፤ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እርጥብ። ቸሩ በሩ ፊት ያለውን ጠረገ። አሳምነው ቀድሞ ደረሰ፤ ክራቫት አስሯል፤ የሳሎኑን ዋና ሶፋ ያዘ። ፋና በወጉ መሠረት መደበቅ ስላለባት ፎቅ ወጣች፤ መደበቁ ግን እስከ ደረጃው አጋማሽ ብቻ ነበር። ሙሽራው ካልቪንም በወጉ መሠረት ከቤቱ ራቅ ብሎ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ፊት የቀደመችው ሚስ ቨርና ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ በደረቷ ላይ ወፍራም ነጭ ፎልደር አቅፋለች። ከኋላዋ የካልቪን ትልቅ አጎት ሚስተር ሊዮን በከዘራ ተደግፈው ገቡ፤ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሦስተኛው ሙሊሳ ነበር፤ ከካልቪን ጋር በአውሮፕላን ጥገና ሥራ አብሮ የሚውል የወለጋ ልጅ፤ ወግ አዋቂና አስተርጓሚ ተብሎ የመጣ። አሳምነው «የአገራችን ወግ በአገራችን ቋንቋ» ብሎ ስለደነገገ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሰዎች ሁሉ በአስተርጓሚ ሊነጋገሩ ነው።

«ኖር! ተቀመጡ» አለ ቸሩ።

ሙሊሳ ደረቱን ነፋ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ሚስ ቨርና ጉሮሯን ጠረገች። ቃሉን ሳምንት ሙሉ ስታጠና ሰንብታለች። «ልጃችሁን» አለች፤ ቆመች፤ ጣሪያውን አየች፤ «ለልጃችን ስጡን።»

ከደረጃው ላይ ሳቅ ተሰማ። ቸሩ እንኳ ፈገግ አለ። ሙሊሳ ነገሩ ስለተነገረ ተቀመጠ፤ ሚስ ቨርናም ፎልደሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ሚስተር ሊዮን ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ይቀመጡ እንጂ» አለች ጽጌሬዳ ወንበር እየሳበች።

«ልጅቷ እሺ እስክትባሉ አትቀመጡ ብላናለች» አሉ ሰውየው።

ሙሊሳ ተረጎመና ጨመረበት፤ «ፋና ስታስረዳቸው ትንሽ አጥብቃዋለች። መቀመጥ እንደሚችሉ ልንገራቸው?»

«ንገራቸው!» አለ ቸሩ።

ነገራቸው። ሚስተር ሊዮን አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተነገረኝን ነው የማደርገው። ይሄን የተማርኩት በወታደርነት ነው።» ከዘራቸውን አጽንተው በመስኮቱና በሶፋው መካከል ቆሙ። ቀኝ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ጽጌሬዳ አየች። በሥራዋ እንዲህ ያለ ጉልበት ታውቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፣ ከዚያ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይታጠፋል።

«እንግዲህ» አለ አሳምነው እጆቹን እያፋተገ። «እናንተም ጨዋ ናችሁ፣ እኛም ጨዋ ነን። ባህላችን ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ከተሟላ ተሟላ፤ ካልተሟላ ደግሞ ማንም በማንም አይቀየምም።»

ሚስ ቨርና ፎልደሯን ከፈተች። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ስም አለ፤ ከስሙ ስር በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ተሰምሯል። «ከመጀመሬ በፊት የራሴን ሕግ ልናገር» አለች። «ከእያንዳንዱ ስም ስር የነገረኝን ሰው እጽፋለሁ። ነጋሪ የሌለው ስም እኔ ዘንድ አይገባም። ላይብረሪ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሰው ስለ አያቱ ሲዋሽ ሰምቻለሁ።»

ሙሊሳ ተረጎመ። «ነጋሪው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለየስሙ እንደሚመጣ ጽጌሬዳ ያኔ ገባት።

አንድ፣ የካልቪን አባት ሬይመንድ፤ ነጋሪ፣ ሚስ ቨርና ራሷ። ሁለት፣ ክላውድ፤ ነጋሪ፣ ሬይመንድ። ሦስት። አራት። አሳምነው ሦስተኛውን ሲያልፉ እግሩን አቆላለፈ፤ አራተኛውን ሲያልፉ ፈታው።

«አምስተኛው ጆሳያ ሃውል ነው» አለች ሚስ ቨርና። «በሚዙሪ በባርነት ተወልዶ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሐል፣ በፈረንጅ 1863፣ በወንዙ ሽቅብ ሴንት ፖል ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ፎርት ስኔሊንግ የጦር ሰፈር የወታደር ዩኒፎርም ለበሰ።»

«ፎርት ስኔሊንግ?» አለ ቸሩ ሳያስበው፤ በእንግሊዝኛም ነበር። «እኔ እኮ በየቀኑ የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ የምነዳበት መንገድ ነው።»

«እንግዲያው በየቀኑ ታልፈዋለህ» አለችው። «ጦርነቱ ባሪያ ይኑር አይኑር የሚል ነበር። ሌላ ምክንያት የሚነግርህ ሰው ካለ ነጋሪህ ማን ነው በለው። ጆሳያ ከጦርነቱ በኋላ ጤናው ተቃወሰ፤ ጡረታ ሲጠይቅ የመንግሥት መርማሪ መጥቶ ቃሉን ተቀበለው። ስለዚህ የጆሳያ ነጋሪ ራሱ ጆሳያ ነው።» መነጽሯን አስተካክላ አነበበች፤ ሙሊሳ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ተረጎመ።

«ስሜ ጆሳያ ሃውል ነው። ሃውል የጌታዬ ስም ነው፤ ሌላ የለኝም። እናቴ ዳይና ትባል ነበር። የዚህን ጠረጴዛ ያህል ሳለሁ ሸጧት። ማን እንደገዛት አላውቅም። ያሳደገችኝ የእናቴ እናት ናት። ሰው ሁሉ አሮጊቷ ይላት ነበር፤ በሌላ ስም ስትጠራ አልሰማሁም።»

ጽጌሬዳ «ማን እንደገዛት አላውቅም» የሚለው ሐረግ ላይ ቀርታ ነበር። እሷ ትርንጎን ማን እንደገዛት ታውቃለች። የማታውቀው ከማን እንደተገዛች ነው።

«ስድስተኛዋ ዳይና፤ ነጋሪ፣ ልጇ ጆሳያ» አለች ሚስ ቨርና። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። በስሙ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። «ሰባተኛዋ ይህች ናት። በ1860 መንግሥት ባሪያዎችን ሲቆጥር በባለቤቱ ስም ስር ነበር የሚጽፋቸው፤ ስም ሳይጨምር። የሃውል እርሻ ላይ የተገኘች አሮጊት አንድ ናት። ‹ሴት፣ ሃምሳ ሁለት፣ ጥቁር› ይላል። ይኼው ነው።»

አሳምነው ለመናገር አልቸኮለም። የፈለገው ነገር በእጁ ሊገባ ሲል ሁልጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል። «በጦር ሜዳ የዋለ ሰው ክቡር ነው። እኔ ለጆሳያ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ወግ ወግ ነው፤ ስም የሌለው ቤት አይቆጠርም። ስድስት ነው የሆነው። ቸሩ፣ አይደለም?»

ቸሩ ምንጣፉን እያየ «እንግዲህ...» አለ።

«ጋሼ!» ፋና ከደረጃው ብድግ አለች። «አንድ ቤት አነሰ ብለህ ነው?»

«አንቺ የተደበቅሽ ነሽ፤ አትናገሪም!»

ሚስ ቨርና ግን ፊቷ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ መልስ ዛሬ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አዲስ ነጭ ወረቀት አወጣች፣ መስመር አሰመረች። «ይሁን። ሚስተር አሳምነው፣ ተራው የእናንተ ነው።»

አሳምነው ይህንን ሲጠብቅ ነበር፤ ተነስቶ ቆመ። በዛብህ፣ ወልደየስ፣ ድልነሳው፤ ስሞቹን እንደ ፉከራ ወረዳቸው። ሙሊሳ ለጽጌሬዳ በሹክሹክታ «እኔን ቢያስቆጥሩኝ እኮ ራት ይደርሳል» አላት። እሷ ግን ለመሳቅ ጥርሷ አልታዘዘላትም። ሚስ ቨርና ከእያንዳንዱ ስም በኋላ «ነጋሪ?» ትላለች፤ አሳምነው «አባቴ!» ይላል። «ነጋሪ?» «አባቴ!» ስድስተኛው ላይ፣ ቀኛዝማች እንግዳወርቅ ላይ ሲደርሱ ተሰላቸ።

«ነጋሪ ነጋሪ ማለት ምንድን ነው? ይታወቃል!»

ሚስ ቨርና ጻፈች። «ነጋሪ፦ ይታወቃል።» ሚስተር ሊዮን በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ጉልበታቸውን አናወጠውና ከዘራውን አጥብቀው ያዙ።

ከዚያ አሳምነው እጁን ዘረጋ። «አሁን ደግሞ የእናትየው ወገን። ጽጌ፣ ነይ ቅረቢ።»

ቀረበች። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችው። የአባቷን ወገን ተናገረች፤ ተጻፈ። የእናቷን ወገን ጀመረች።

«ወይዘሮ ቀለሟ። እናቴ። ነጋሪዋ እኔ ነኝ።»

ተጻፈ።

«ወይዘሮ በላይነሽ። የእናቴ እናት። ነጋሪ፣ እናቴ።»

ተጻፈ።

ሦስተኛዋ ላይ ቆመች። አሳምነው ረስታው መስሎት ሊረዳት ተጣደፈ። «አስካለ! ወይዘሮ አስካለ፣ የቡልጋዋ! እኔ ራሴ በሽምግልናው ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የባላባት ልጅ ናት። አየሽ ጽጌ፣ ያንቺንም እኔ ነኝ የማውቅልሽ!»

ሚስ ቨርና ፊደሉን እየጠየቀች፣ በጥንቃቄ፣ በጥቁር ቀለም፣ አስካለ ብላ ጻፈች። ከስሩ ቀዩን መስመር አሰመረች። ቀና ብላ ያየችው አሳምነውን አልነበረም።

«ነጋሪዋ ማን ናት?» አለ ሙሊሳ በእሷ ምትክ።

መልሱ ቀላል ነበር። እናቴ ብላ መልሳ መቀመጥ ትችላለች። አሳምነው ስድስት ለሰባት ብሎ ይረታል፤ ፋና ታለቅሳለች፣ ወይም አባቷን ጥሳ ታገባለች፣ ሁለት ዓመት ይኮራረፋሉ፣ ልጅ ሲወለድ ይታረቃሉ። ሰው ከዚህ የባሰም አሳልፏል። ግን እናቴ ብትል ከአስካለ ስም ስር ቀለሟ ተብሎ ሊጻፍ ነው። እናቷ ያን ስም አልነገሯትም። እናቷ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ፣ በዱከምና በቃሊቲ መካከል፣ ሌላ ስም ነው የነገሯት፤ እንዳትረሺም ብለዋታል። አሁን ሞተው፣ አፋቸው ተዘግቶ፣ አያታቸውን ለገዛች ሴት ምስክር ሊሆኑ ነው።

«አይደለችም» አለች ጽጌሬዳ።

«ምኗ?» አለ አሳምነው።

«አስካለ አይደለችም። አጎቴ ነው የዋሸው፤ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ትርንጎ ናት። ባሪያ ነበረች፤ አስካለ ገዝታ ነው ያመጣቻት። አባቷን አላውቅም፣ አገሯን አላውቅም። ነጋሪዋ እናቴ ናት።»

ሁሉም ወደ ሙሊሳ ዞሩ። ሙሊሳ ጫማውን አየ። አልተረጎመም። ስለዚህ ጽጌሬዳ ራሷ በእንግሊዝኛ ደገመችው፤ በእንግሊዝኛ አጠረ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ።

አሳምነው ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አለ ቸሩ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር የሚመስለው።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት! እኔ ቆሜ የዳርኩህ! ለሽማግሌ፣ ለእግዚአብሔር ሰው ተዋሽቶ!» ካፖርቱን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ መነጨቀው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጽጌሬዳን ሳይሆን ፋናን አየ፤ ከእግር እስከ ራሷ፣ አዲስ ሰው እንደሚያይ። ፋናም አየችው። «ና ሸኘኝ» አለ ለወንድሙ።

ቸሩ ካፖርቱን ሳይለብስ ተከትሎት ወጣ። ሚስቱን አላያትም።

ሚስ ቨርና ዝም ብላ ስትሠራ ነበር። አስካለ በሚለው ስም ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር ሳበች፤ ስሙ ግን ከስሩ ይነበባል። ከዚያ በገጹ ጠርዝ፣ በትንንሽ ፊደል፣ እንደገና ጻፈችው። «እኛም የባለቤቶቹን፣ የሃውሎችን ስም እዚህ ነው የምናስቀምጠው» አለች። «በጎን። እንዳይጠፉ፣ እንዳይቆጠሩም።» ቀና አለች። «መቼ ነው የተገዛችው?»

ጽጌሬዳ አሰበች። የአያቷን ዕድሜ ደመረች፣ ቀነሰች፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰች። «1912 ቢሆን ነው። ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ።»

ሚስ ቨርና እስክሪብቶዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጠች። የጆሳያን ገጽ ፈልጋ አገኘች፤ ጣቷን ታች ድረስ አወረደች። «ጆሳያ ያኔ ሞቶ ነበር» አለች። «በ1909 ነው የሞተው። የራሱ ቤት ውስጥ። እዚህ፣ ሴንት ፖል።»

ፋና ወርዳ እናቷ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም፤ ተቆጥታ ነበር። «ጋሼ ያንን ቃል ሲጠራ እኮ አጠገቡ ነበርሽ። ሁልጊዜ።»

«ነበርኩ።»

«ምንም ብለሽው አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«ለእኔ እንኳ!»

«ለአንቺ ነግሬሽ ምን ልታደርጊው ነበር? አንቺ ሚስጥር አትችይም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አትችይም።»

እውነት ነበር።

ጽጌሬዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ የአሳምነው መኪና ሞተሩ ተነስቶ ያጨሳል፤ አሳምነው መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ ያወራል፤ ቸሩ በሸሚዝ ብቻ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። የሚሉትን መስማት አይቻልም። የቸሩ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከጀርባው ደግሞ «እሺ ጋሼ» ይበል ሌላ ይበል መለየት አልቻለችም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያየችው ጀርባ ነው። አሳምነው የመኪናውን ሌላኛውን በር ከውስጥ ሲከፍት አየች። ግባ ማለቱ ነው።

ቸሩ የተከፈተውን በር አየው። ከዚያ ዞሮ ሄዶ ዘጋው።

መኪናው ወጣ። ቸሩ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን አካፋ አነሳና መጥረግ ጀመረ። ጠዋት ጠርጎት ነበር፤ በረዶ የለም፤ አካፋው ሲሚንቶውን ነው የሚፍቀው።

«እሜቴ» አለ ከኋላዋ የሻከረ ድምፅ። ሚስተር ሊዮን ነበሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል፤ በሁለት እጃቸው ከዘራውን ተደግፈዋል። «አላስቸግርም። ግን እሺ ነው ወይስ እምቢ? ጉልበቴ ማወቅ ፈልጓል።»

ሙሊሳ በፍጥነት «መልሱ የአባትየው ነው» አለ። «በወጉ እሳቸው እስኪገቡ...»

«እኚህ ሰው ይወድቃሉ» አለች ጽጌሬዳ።

ልጇን አየቻት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽ አየችው። ትርንጎ ተጽፏል። ነጋሪ፦ ቀለሟ። ከእሱ ስር ሚስ ቨርና ሌላ መስመር ሰርታ፣ ለቀለሟ ነጋሪ ጽጌሬዳ ብላ ጨምራለች። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ጽጌሬዳ ወንበሩን ከሚስተር ሊዮን ኋላ አስጠጋች፤ በሥራዋ እንደለመደችው አንድ እጇን ከክንዳቸው በታች፣ አንዱን ከወገባቸው ኋላ አደረገች።

«ይቀመጡ» አለች።

ሰውየው ከንፈሯን ካዩ በኋላ ፋናን አዩ። «ይሄ እሺ ነው?»

«እሺ ነው» አለች ጽጌሬዳ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

ክብደታቸውን ለእጇ ሰጥተው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ወንበሩ ጮኸ። ፋና ካልቪን ጋ ልትደውል ስልኳን ስትፈልግ ሁለት ጊዜ ጣለችው። ጽጌሬዳ ግን አልተቀመጠችም። ጆሮዋ ውጭ ነበር፤ አካፋው ሲሚንቶውን ይፍቃል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይፍቃል፤ ባቆመ ቁጥር ወደ በሩ ታያለች።